የጋፋት ሰፈርተኞች

የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን የማያውቅ የለም። አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተጋድሟል። የተሠራባት ጋፋት ግን ከስሟ አልፎ የሚያውቃት ጥቂት ነው። ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ የምትገኝ ጉብታ ናት። እኔን ከመድፉ ይልቅ የሚገርመኝ ሰፈሯ ነው፤ ትዳር ተይዞባታል፣ ልጅ ተድሮባታል፣ ፊደል ተቆጥሮባታል።

ዐፄ ቴዎድሮስ እዚያ ካሰፈሯቸው ፈረንጆች ብዙዎቹ ከስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ ናቸው። ወንጌል እየሰበኩ በእጃቸው ሙያ እንዲያድሩ ነበር የተላኩት። ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ የንጉሡን ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ሐበሻ ናት። ሚሲዮናዊ ያልነበረው ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልም የጀርመናዊውን ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርን ልጅ ወለተ ኢየሱስን አገባ። ፈረንጆቹ እንዲህ ባለ አማችነት ተዛምደው የአገር ሰው ሆኑ።

ንጉሡ የፈለጉት ግን ስብከታቸውን ሳይሆን መድፍ ነበር። ሰዎቹ መድፍ ማቅለጥ አንችልም ቢሉም የሚሰማቸው አልተገኘም። ሥራው ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የሸክላው ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ካለው፣ የቀለጠው ነሐስ ሲፈስበት እንፋሎቱ ሁሉን ያበላሻል። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ንጉሡ ግን አልተዉትም። ብረት ሠሪ “ቀጥቃጭ”፣ “ቡዳ” እየተባለ በሚናቅበት አገር፣ ንጉሠ ነገሥት ከእቶን ዳር አይጠፉም ነበር። በመጨረሻ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ።

የሰፈሩ ዕድሜ ከዚያ አልዘለቀም። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉንም ባለሙያዎቹንም ይዘው ተነሡ። ዳገቱን መንገድ እየቆረጡ፣ መድፉን እያስጎተቱ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ ፈረንጆቹም ከጦሩ ጋር ወጡ።

ዋልድማየር ሊባኖስ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አስፉሪየ የተባለውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል መሠረተ። ሃልና ወለተ ኢየሱስ በብርቱካኗ ከተማ በያፋ ኖሩ። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ዩስቲኖቭ የእነሱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው።