ስርዝ ድልዝ

ወደ መዝገብ ቤት ሥራ በገባሁበት ዘመን አለቆቼ አስቀድመው ያስተማሩኝ ሥርዓት፣ የተሳሳተ ስም በሚታረምበት ጊዜ አንድ ቀጭን መስመር ብቻ ተሰምሮበት፣ አዲሱ ከበላዩ ተጽፎ፣ የጸሐፊው ፊርማ ከነቀኑ ከጎኑ እንዲሰፍር፣ አሮጌውም ስም ከመስመሩ ሥር ለሚመጣው አንባቢ እንዲነበብ የሚያዝዘው ነበር። በምላጭ ፍቆ የሚጽፍ ጸሐፊ በእኛ ዘንድ ከሌባ አይለይም።

በዚህ ሥርዓት ጸንቼ የኖርሁት ሰው የታሪክ ሊቁን የሳውል ፍሪድሌንደርን የሕፃንነት ዘመን ካነበብሁ ወዲህ ግን ሕሊናዬ ዕረፍት አጥቷል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1940 በጀርመኖች ትእዛዝ የፓሪስ ፖሊስ አይሁድን በመዘገበ ጊዜ፣ ካርዱ በስም፣ በዜግነት፣ በመንገድና በሙያ ተለይቶ፣ የትኛውም የመዝገብ ሹም በሚቀናበት ንጽሕና ተደራጅቶ ነበር፤ በሐምሌ 1942 በሁለት ቀን ውስጥ 13 ሺህ ያህል ነፍስ፣ ከእነርሱም ከ4 ሺህ የሚበልጡ ሕፃናት ከየቤታቸው የተለቀሙት በዚሁ ባልተዛባ መዝገብ ነው።

ፍሪድሌንደር በ1932 በፕራግ ሲወለድ ፓቬል ነበር፤ አይሁድ የሆኑት ወላጆቹ ከናዚዎች ሸሽተው ፈረንሳይ ሲገቡ ፖል ተባለ። በ1942 አደኑ በበረታ ጊዜ፣ ገና 10 ዓመት ያልሞላውን አንድያ ልጃቸውን በሞንሉሶን ለሚገኝ የካቶሊክ አዳሪ ትምህርት ቤት አስረከቡት፤ በዚያም ተጠምቆ ፖል አንሪ ፌርላን ተሰኘ። ዓይኔ በፊደል ላይ ያረጀ ነውና፣ በፍሪድሌንደር ያሉት ፈና ረ፣ ለና ነ በፌርላንም ውስጥ እንዳሉ ሳላስተውል አላለፍሁም፤ አሮጌው ስም ከመስመሩ ሥር ይነበባል።

አባትና እናቱ ከዚያ በኋላ ወደ ስዊስ ለመሻገር ሞከሩ። በዚያ ሰሞን በድንበሩ የነበረው ደንብ ትንንሽ ልጆች ለያዙ ቤተሰቦች በር ይከፍት ነበር፤ እነዚህ ግን ልጃቸውን ለማዳን ብለው ከኋላቸው ትተውት ስለ መጡ፣ ባዶ እጃቸውን ደርሰው ተመለሱ፣ ለፈረንሳይ ፖሊስም ተሰጡ፣ በናዚዎች የሞት ሰፈር በአውሽቪትዝም ሞቱ። ደንቡን አንብቦ ያስፈጸመው ሹም ከእኔ ሙያ የራቀ ሰው አይመስለኝም።

ሐሰተኛው ስም ግን ሥር ሰደደ። ብላቴናው ከልቡ አማኝ ሆኖ የኢየሱሳውያን ካህን ለመሆን ተመኘ፤ በ1946 በሴንት ኤትየን የዚያው ማኅበር ካህን የሆነ አንድ አባት ከፊቱ አስቀምጦ ስለ አውሽቪትዝ እስኪነግረው ድረስ ወላጆቹ ምን እንደ ደረሰባቸው አላወቀም ነበር። ሊያመነኩሰው ይችል የነበረው ሰው ወደ ገዛ ስሙ መለሰው፤ ይህን ካህን ከመዝገብ ጸሐፊዎች ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ። ልጁ በ1948 ወደ እስራኤል ተሻግሮ ሻውል ተባለ፤ በመጽሐፎቹ ላይ የምናነበው ሳውል ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት በአሳዳጊዋ ስም የኖረች አንዲት ወይዘሮ የወላጅ አባቷን ስም ልታስመልስ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛ ቀረበች። ሥራዬን ስጀምር፣ «ጋሼ፣ ያሳደጉኝን ሰውዬ ስም ግን አያጥፉብኝ» አለችኝ። ሥርዓቱን አስረዳኋት፤ መስመሩንም ከወትሮው አሳስቼ ሰመርሁት።