ሥር የሌለው ቅጠል እንዴት ይኖራል?

ባለፈው ዓመት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ እናታችን በሳሎኗ ካሳደገችው የፖቶስ ሐረግ ሦስት ቁራጮች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችን፡፡ ብዙም ሳይቆይ የእርሷ ተክል ከሥሩ በስብሶ መሞቱን ሰማን፡፡ ስለዚህ የሐረጉ ዘር በእኛ ኪራይ ቤት መስኮት ላይ ብቻ ቀረ፡፡ እኛም ቸኩለን ቁራጮቹን አፈር ውስጥ ተከልን፤ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣን፡፡ አንደኛው ጠወለገ፤ ሁለተኛው በሰበሰ፡፡ የቀረን አንድ ብቻ ሆነ፡፡

ጥፋቱ ከወዴት ነበር? ቅጠል ያለውን ውሃ ወደ አየር ያተናል፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ግን ያጣውን ያህል ከአፈር ሊጠጣ አይችልም፡፡ አዲስ አበባ ደግሞ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት፣ በበጋ አየሯ ደረቅ፣ ሌሊቷም ቀዝቃዛ ከተማ ናት፡፡ ስለሆነም መድኃኒቱ ውሃ ማብዛት ሳይሆን በቅጠሉ ዙሪያ ያለውን አየር እርጥብ አድርጎ መጠበቅ ነው፡፡

ይህን በግልጥ ያሳየው ናትናኤል ዋርድ የተባለ የሎንዶን ሐኪም ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1829 የእሳት ራት ለማስፈልፈል እርጥብ አፈር ጨምሮ በከደነው ጠርሙስ ውስጥ ሣርና ፈርን በቅለው አገኘ፡፡ በ1833 በመስታወት ሣጥን የላካቸው ተክሎችም የወራት የባሕር ጉዞ አልፈው በሕይወት ሲድኒ ደረሱ፡፡

እንግዲህ ሣጥኑ እንዲህ ይሰናዳል፡፡ ብርሃን በሚያሳልፍ ባለ ክዳን የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ 10 ሴንቲሜትር ያህል የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይደረጋል፡፡ አሸዋው እርጥብ ይሁን እንጂ ሲጨበጥ ውሃ አያንጠባጥብ፡፡ ቁራጩ በንጹሕ ቢላዋ ከአንጓው ጥቂት ዝቅ ተብሎ ይቆረጥ፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓው ነውና እርሱ በአሸዋው ይቀበር፡፡ ከላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ይበቃል፡፡ ክዳኑ ተገጥሞ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይከፈት፡፡ ሣጥኑ ብርሃን ካለበት ይቀመጥ፤ ነገር ግን ፀሐይ በቀጥታ አይምታው፤ የተዘጋ ሣጥን እንደ ምድጃ ይግላልና፡፡

የመጨረሻውን ቁራጫችንን በዚህ ዓይነት አኖርነው፡፡ በአራተኛው ሳምንት ቀስ ብለን ሳብ ብናደርገው አልነቀል አለ! ክዳኑን ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየከፈትን ካለማመድነው በኋላ ወደ አፈር አዛወርነው፡፡

ዘንድሮ ከዚያው ሐረግ አንድ ቁራጭ ሥር አስይዘን ለእናታችን ወሰድንላት፡፡ ተቀብላ በመጀመሪያ የጠየቀችን በቀን ስንት ጊዜ ውሃ እንደሚጠጣ ነበር፡፡ ጣት ተሰዶ አፈሩ ደርቆ ሲገኝ ብቻ መሆኑን ነገርናት፡፡ የፊተኛው ተክሏ በምን እንደሞተ ያን ጊዜ ሁላችንም ገባን፡፡