እውነተኛ ሥዕል ሐሰት ሲናገር

«በዓይኔ አይቻለሁ» ያለንን ሰው ልንከራከረው አንደፍርም። በፊልም ያየነውንም እንደዚሁ በዓይናችን እንዳየነው እንቈጥረዋለን። ይህ እምነት ምን ያህል እንደሚያታልል የሚያስረዳ አንድ ትርዒት አለ፤ ይኸውም «ባቢሎን 5» የተባለው የአሜሪካ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳየው፥ ጄ. ማይክል ስትራዚንስኪ የደረሰው «የእውነት ምትሐት» የሚለው ክፍል ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ2261 ነው። የምድር መንግሥት በአምባገነኑ በፕሬዚዳንት ክላርክ እጅ ወድቋል፤ ባቢሎን 5 የተባለችው የጠፈር ጣቢያም አልገዛም ብላ ተለይታለች። አንድ ጋዜጠኛ ካሜራውን ይዞ ወደ ጣቢያዋ ይመጣል። የሚሠራበት የዜና ድርጅት በመንግሥት ቍጥጥር ሥር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም አዛዡ ሼሪዳን፥ ጥቂትም ብትሆን እውነት ትወጣ ይሆናል በማለት ይፈቅድለታል።

በመጀመሪያው አጋማሽ ጋዜጠኛው ሲቀርጽ እናያለን፤ በሁለተኛው ደግሞ ለምድር ሕዝብ የተላለፈውን ዘገባ እንመለከታለን። ፊቶቹም ድምፆቹም እነዚያው ናቸው። ነገር ግን ሼሪዳን የሰጠው መልስ ካልተጠየቀው ጥያቄ ጋር ተጋብቷል፤ ባለሙያ የተባለ ሰውም ቀርቦ የአዛዡ አእምሮ በጦርነት መነካቱን ያስረዳል።

ይህ ብልሃት የቈየ ነው። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፥ አንድ ጊዜ ከሬሣ ሣጥን ጋር ቢቀጥለው፥ ተመልካቹ ያንኑ ፊት አንዴ የራበው፥ አንዴ ያዘነ አድርጎ ተረጐመው። ትርጕሙን የወለደው ፊቱ ሳይሆን ቅጥያው ነበር።

ይኸው ተከታታይ ፊልም በ1995 እ.ኤ.አ. በዜና ዘገባ መልክ የተሠራ ሌላ ክፍል አሳይቶ ነበር። በዚያ ግን ያየነው የተላለፈውን ዘገባ ብቻ ስለሆነ፥ የምናነጻጽርበት አልነበረንም። የ1997ቱ የሚበልጠው በዚህ ነው። ጕድለቱ ሐሰቱ መጋነኑ ነው፤ ረጋ ያለ ቢሆን ኖሮ ይበልጥ ባስፈራ ነበር።

እንግዲህ እኛ የመጀመሪያውን አጋማሽ ስላየን አልተታለልንም፤ በታሪኩ ውስጥ ያሉት የምድር ሰዎች ግን ሁለተኛውን ብቻ ነው ያዩት። ማታ ማታ በስልካችንና በቴሌቪዥን ዜና ስንመለከት እኛም እንደ እነርሱ ነን። ስለዚህ ከማመናችን በፊት፦ ጥያቄው ምን ነበር? ተቈርጦ የወደቀው የቱ ነው? ካሜራውስ የማን ነው? ብለን እንጠይቅ።