ለመጋዘንና ለንግድ ቤት የሚሆን ፎም ስለ መምረጥ

የሚገዛውን ዕቃ ጠባይ ሳይመረምር ዋጋውን ብቻ የሚመለከት ነጋዴ ጉዳቱ የሚታወቀው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ሕንፃን ከሙቀትና ከብርድ ለመጠበቅ በግድግዳ፥ በጣራና በወለል ውስጥ የሚገባው ፎም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ይህ ፎም ለፍራሽ ከሚሆነው ለስላሳ ፎም የተለየ ሲሆን፥ ደረቅና ቀላል የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ላልለመደው ዓይን ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ለአበባ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲስማማ ሌላው ለወለል ይበጃል፤ አንዱ እሳት ሲነካው ሲቀልጥ ሌላው ይከስላል። ይህን ሳይለዩ ማዘዝ አስቀድሞ ገንዘብን፥ ኋላም የሰው ሕይወትን ሊያስከፍል ይችላል።

በመሠረቱ ሙቀትን የሚከለክለው ፕላስቲኩ ሳይሆን በውስጡ ተዘግቶ የሚኖረው አየር ወይም ጋዝ ነው። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ፎምም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፋብሪካዎች ሙቀት የማስተላለፍ መጠኑን በዋት በሜትር በኬልቪን ለክተው በወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ፎሙ ሙቀትን የሚከለክልበት ኀይል ይበልጣል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ኢፒኤስ የሚባለው ነጭ ፎም ሲሆን ጥቃቅን የፖሊስቲሪን ፍሬዎች በእንፋሎት ተነፍተውና ተጣብቀው የሚሠራ ነው። ከመቶው 98 እጅ ያህሉ አየር ስለ ሆነ ዋጋው ከሁሉ ይረክሳል፤ የማስተላለፍ መጠኑም ከ0.030 እስከ 0.040 ይደርሳል። ሁለተኛው ኤክስፒኤስ ነው። ይህም ከፖሊስቲሪን የሚሠራ ቢሆንም ዐይነ ጥቡቅ ስለ ሆነ ውሃን አያስገባም፤ ክብደትንም ይችላል። ሦስተኛው ፖሊዩሬቴንና የእርሱ ዘመድ የሆነው ፒአይአር ነው። መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል፤ በሁለት ቆርቆሮዎች መካከል ገብቶ ሳንድዊች ፓናል በሚባለው መልክ በብዛት ይሸጣል። የማስተላለፍ መጠኑ ከ0.022 እስከ 0.028 ስለ ሆነ ከሦስቱ ይበልጣል። ለምሳሌ መጠኑ 0.024 የሆነ 10 ሳንቲ ሜትር ፖሊዩሬቴን የሚሠራውን ለመሥራት መጠኑ 0.036 የሆነ ኢፒኤስ 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ምርጫው ሕንፃው በሚውልበት ሥራ ላይ የተመሠረተ መሆን አለበት። አበባ ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ጽጌረዳውን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ብርድ ውስጥ ማቆየት ስላለበት፥ ማቀዝቀዣው ሌሊትና ቀን የኤሌክትሪክ ኀይል ይበላል። ለእንዲህ ያለው ክፍል ፖሊዩሬቴን ወይም ፒአይአር ፓናል በመግዣው ጊዜ ቢወደድም የመብራት ሒሳብን በመቀነስ ልዩነቱን ይመልሳል። ሆኖም የፓናሎቹ መጋጠሚያ በሚገባ ካልተደፈነ ከውጭ የሚገባው እርጥብ አየር በፎሙ ውስጥ ወደ ውሃነት ይለወጣል። የረጠበ ፎም ደግሞ ሙቀት የመከላከል ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ እርጥበት ከልካዩ ሽፋን ሁልጊዜ በሙቁ ወገን ማለት በውጭው በኩል መሆን ይገባዋል። ጭነት ለሚበዛበት ወለል ኤክስፒኤስ ይመረጣል። እንደ ድሬዳዋና እንደ ሰመራ ባለው ሞቃት አገር የቆርቆሮ ጣራ ላለው ሱቅ ደግሞ ኢፒኤስ በኮርኒስ ተሸፍኖ ሊበቃ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን የደረቅ ዕቃ መጋዘን ብዙውን ጊዜ ከፎም ይልቅ መልካም የአየር መተላለፊያ ይጠቅመዋል።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የእሳት ነገር ነው። በደቡብ ኮርያ በኢቾን ከተማ፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ሥራው ባልተጠናቀቀ የማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ በተነሣ እሳት 40 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ከተማ በ2020 ዓ.ም. በመሠራት ላይ በነበረ ሌላ መጋዘን 38 ሰዎች አለቁ። የኋለኛው እሳት የተነሣው የብየዳ ፍንጣሪ የዩሬቴን ፎም ላይ ስላረፈ መሆኑን መርማሪዎቹ ገልጸዋል። በእንዲህ ያለ አደጋ ሰውን ፈጥኖ የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ፖሊዩሬቴን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባሉትን መርዛም ጋዞች ይሰጣል። ኢፒኤስም እሳት ሲደርስበት ይቀልጣል፤ እየነደደም ይንጠባጠባል። ፒአይአር ላይኛው ፊቱ ስለሚከስል ከእነዚህ ይሻላል እንጂ ፈጽሞ አይቃጠልም ማለት አይደለም። የማይነደደውን የሚሻ ባለ ሕንፃ ከፎም ወጥቶ ከድንጋይ የሚሠራውን ሮክ ውል ማሰብ ይገባዋል። ፎም በገባበት ቤት ውስጥም ፎሙ በልስን ወይም በጂፕሰም ሳይሸፈን መተው፥ በአጠገቡም ብየዳ መሥራት የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

አስመጪው በበኩሉ የማጓጓዣውን ሒሳብ አስቀድሞ ይሥራ። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር 67 ሜትር ኪዩብ ያህል ይይዛል። በሜትር ኪዩብ 15 ኪሎ የሚመዝን ኢፒኤስ ቢሞላበት የጭነቱ ክብደት አንድ ቶን ያህል ብቻ ነው፤ ኮንቴይነሩ ግን ከ25 ቶን በላይ መሸከም ይችላል። በሌላ አነጋገር ነጋዴው ከባሕር ማዶ አየር አስጭኖ መጣ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ያልተነፋውን ፍሬ አስመጥቶ በአገር ውስጥ መንፋት ያዋጣል። ይሁን እንጂ ፍሬው ፔንቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ፥ በተባበሩት መንግሥታት መለያ ቍጥር 2211 ከአደገኛ ዕቃዎች 9ኛ ክፍል ውስጥ ተመድቧል። ስለዚህ ለመርከብ ኩባንያው መገለጥና አየር በሚዘዋወርበት መጋዘን መቀመጥ አለበት።

ለባለሱቁና ለገዢው ደግሞ ትልቁ መርማሪ ሚዛን ነው። በሜትር ኪዩብ 20 ኪሎ ነው ተብሎ የተሸጠ ፎም ርዝመቱና ወርዱ አንድ አንድ ሜትር፥ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 2 ኪሎ መመዘን ይገባዋል። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ካሳየ ገዢው የተቀበለው የ12 ኪሎውን ፎም ነው። እንዲህ ያለው ፎም ክብደት ሲያርፍበት ፈጥኖ ይሰረጕዳል፤ ሙቀት የመከላከል ኀይሉም ያንሳል። ባለሱቁ ይህን አስቀድሞ መዝኖ ቢሸጥ የደንበኛውን እምነት ያተርፋል። ፎሙንም ከፀሐይ፥ ከቤንዚንና ከቀለም ማቅጠኛ አርቆ ማስቀመጥ ይኖርበታል፤ ፀሐይ ፊቱን ታዱቄተዋለች፥ ቤንዚንና ማቅጠኛ ደግሞ ኢፒኤስን ያሟሙታል።

በማጠቃለያው፥ በፕሮፎርማ ላይ «ፎም» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ትእዛዝ መፈረም አይገባም። የፎሙ ዓይነት፥ ውፍረቱ፥ በሜትር ኪዩብ የሚመዝነው ኪሎ፥ ሙቀት የማስተላለፍ መጠኑና የእሳት ደረጃው አንድ በአንድ ይጻፉ። በኤውሮፓ ደንብ የእሳት ደረጃ ከማይነደደው ከኤ1 ተነሥቶ እስከ መጨረሻው እስከ ኤፍ ይዘልቃል፤ ሻጩም የምርመራ ወረቀቱን እንዲያያይዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ለመጻፍ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። አባቶች «ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፥ በወረቀት ላይ ሳለ የተመረመረ ፎም በግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ባለቤቱን አያስጨንቅም።