የልጆች ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል
የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ድርሻ

በገጠር ካንሰር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በዕድሜ የገፉትን ወይም የእናቶችን የጡትና የማሕፀን በር ሕመም ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ጡት የሚጠባ ሕፃንንም ሆነ ከብት የሚያግድ ልጅን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም በየዓመቱ 400,000 ያህል ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉት አገሮች ከ100 ታማሚ ልጆች ከ80 የሚበልጡት ሲድኑ፣ በብዙ ድሃ አገሮች የሚድኑት ከ30 ያነሱ ናቸው። ለዚህ ልዩነት ዋናዎቹ ምክንያቶች በሽታው ዘግይቶ መታወቁ፣ የሕክምናው መራቅና የተጀመረ ሕክምና መቋረጡ ናቸው።

ሕክምናውን ማቅረብ የመንግሥት ሥራ ነው። መዘግየትንና ማቋረጥን ለመቀነስ ግን ቀበሌው ብዙ ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በደዋ ጨፋ፣ በደዌ ሐረዋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋና በባቲ ወረዳዎች የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል።

ምልክቶቹ

የሕፃኑ የዓይን ብሌን ነጥቶ በብርሃን ካበራ ወይም ዓይኑ መንሸዋረር ከጀመረ የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል።

እናት ልጇን ስታጥብ በሆዱ በአንድ ጎን ጠንካራ እብጠት ካገኘች የኩላሊት ካንሰር ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ብዙ ጊዜ ስለማያሳምም፣ ቆላውም የወባ አገር በመሆኑ፣ «ጣፊያ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

የደም ካንሰርም እንዲሁ ወባ ይመስላል። ልጁ የወባ መድኃኒት ወስዶ ትኩሳቱ ከተመላለሰ፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ መዘግየት አይገባም።

በአንገት ወይም በመንጋጋ ላይ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ በጉልበት አካባቢም የማይለቅ ሕመምና እብጠት እንዲሁ ምርመራ ይሻሉ። እንዲህ ያለውን እብጠት በወጌሻ ማሳሸት ወይም መተኮስ ጊዜ ያባክናል፣ ጉዳትም ያስከትላል።

ምልክት መታየቱ ብቻ ካንሰር ነው አያሰኝም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ መመርመር ያስፈልጋል። በሽታው ከልጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም፤ የቡዳ ወይም የእርግማን ውጤትም አይደለም።

ወዴት ይኬዳል?

መጀመሪያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ጤና ጣቢያው እንደ አካባቢው ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደሴ ይልካል። የልጆች ካንሰር ሕክምና ከሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች መካከል የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከከሚሴ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጤና መድን አባላት የሪፈር ወረቀት ሳይዙ መነሳት የለባቸውም።

ጀምሮ አለማቋረጥ

የደም ካንሰር ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልጁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሽሎት ሊታይ ስለሚችል አባት «ድኗል» ብሎ ለእርሻው ይመለሳል። ያን ጊዜ በሽታው ያገረሻል። እንዲሁም ሐኪም ሕይወት ለማትረፍ የታመመው ዓይን ይውጣ ሲል ወላጅ ፈርቶ ከተመለሰ፣ በሽታው ወደ አንጎል ሊዛመት ይችላል።

ስለዚህ የመሪዎች ሥራ ቤተሰቡን በመሸኘት ብቻ አያበቃም። ማሳው በደቦ እንዲታረስና እንዲታጨድ፣ ከብቶቹ እንዲጠበቁ፣ በቤት የቀሩት ልጆች እንዳይራቡ፣ ዕድሩም ለመጓጓዣ እንዲያዋጣ ማድረግ ይቻላል። አዲስ አበባ ለሚደርሱት ደግሞ ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት ከሩቅ ለሚመጡ ታማሚ ልጆችና አስታማሚዎች ማረፊያ በመስጠት ይረዳል። ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተ ነው።

ምልክቶቹን በኦሮምኛና በአማርኛ ከዓርብ ስግደት በኋላ፣ በዕድር ስብሰባና በባቲ የሰኞ ገበያ ማስነገር ወጪ አይጠይቅም። በየጎጡ አንድ ሰው መድቦ ዓይኑ የነጣ ወይም ሆዱ ያበጠ ልጅ መኖሩን ማጣራትና በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲደርስ ማድረግ ከእያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ይጠበቃል።