ተመልካች እንዴት ይገኛል? እንዴትስ ይቆያል?

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጥ እንደነበር ይታወሳል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ «ቆይ፣ አልገባኝም» ቢሉት አይሰማም። የብዙ ተማሪ ዓይን እዚያ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ዛሬ ትምህርት ቀርጸን በዩቲዩብ ስናሰራጭ ግን ተመልካቹ ሲያሻው ያስቆመናል፤ ከሰለቸውም ጥሎን ይሄዳል። በየትኛው ደቂቃ እንደሄደም ዩቲዩብ ለአዘጋጁ በግራፍ ያሳያል።

ስለዚህ ሰላምታ አናብዛ፤ «የጮቄ ተዳፋት አፈር ለምን ይታጠባል?» ብለን በጥያቄ እንጀምር። አንድ ቪዲዮ አንድ ነገር ያስተምር። ተመልካች ከሥር የጻፈውን ጥያቄ በሚቀጥለው እንመልስ፤ ያኔ ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ክፍል ውስጥ ያላዳመጠን ተማሪ በስልክም አያዳምጠንምና፣ ልምምዱን ከክፍላችን እንጀምር!