ቁምሳው ደምቋል፤ ሒሳቡስ?

እሁድ ረፋድ፣ 5 ሰዓት ገደማ። ቦሌ አካባቢ ካሉት አዳዲስ ሬስቶራንቶች በአንዱ ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው ስምንት ዘጠኝ ጓደኛሞች ከበዋል። ጨጨብሳው በማር፣ ፉሉ፣ እንቁላል ፍርፍሩ፣ ጁሱ ተደርድሯል። ማንም አይነካም፤ መጀመሪያ ፎቶ! ቁርስና ምሳን አንድ ያደረገው "ቁምሳ" የከተማው ወጣት መገናኛ ሆኗል።

ጨዋታው የሚቀዘቅዘው ሒሳብ ሲመጣ ነው። ሜኑ ላይ 400 ብር የተባለው ምግብ፣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት በሚጨመርበት ቤት 506 ብር ይገባል። ከዚያ "እኩል እንካፈል" ይባላል። ማኪያቶ ብቻ የጠጣችው ልጅ ምንም ሳትል ስልኳን አውጥታ በቴሌብር ትልካለች። በሚቀጥለው እሁድ ግን "አልተመቸኝም" ብላ ትቀራለች። እኛም "ምነው ጠፋሽ?" እንላታለን። የሸሸችው ሒሳቡን ነው።

ስለዚህ ግሩፑ ላይ ቦታ ሲመረጥ ዋጋውም አብሮ ይነገር። "እኩል" ነው ወይስ "ሁሉም የበላውን" የሚለውም ቀድሞ ይለይ። አንዳንዴ ደግሞ ሰፈር ያለው ፉል ቤት ይሁን። ሳቁ ያው ነው፤ ሰው ሳይጎድል ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል።